አንድ ጊዜ የተሸጠው ጋቢ

በ2011 ዓ.ም. በጋ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው እሑድ ነው። ያን ቀን ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የእድራችን ድንኳን ተተክሎ ነበር። የሞተ ሰው ግን አልነበረም።

ልጄ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤቱ እዚሁ ልደታ፣ ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ልጄ ግራኝ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማንኪያም ቁራሽም የምታነሳው በግራዋ ነበር። እኔም ባደግሁበት ልማድ አሳደግኋት፤ ገበታ ላይ ግራ እጇ ሲወጣ መታ አደርገው ነበር። አንድ ሰሞንማ ምሳ ከመቅረቡ በፊት እጇን በሻሽ አስሬባታለሁ። ትምህርት ቤትም አንደኛ ክፍል ሳለች እርሳሱን ከግራዋ ወስደው ለቀኟ ይሰጡባት ነበር። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። እኔም ክፉ ሆኜ አይደለም። በግራ መብላት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው።

ልጄ ግን እጇን መደበቅ ለመደች። ሁለቱንም እጆቿን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ከታ ነበር የምትሄደው። ሰሌዳ ላይ ውጪና ሥሪ ስትባል አላውቀውም ብላ ትቀመጣለች። እያወቀችው።

አራተኛ ክፍል ስትደርስ ትምህርት ቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ የክራር ክፍል ከፈተ። ወጪውን የቻለው አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነበር። ስምንት ክራር ገዛ፤ ለመምህሩም የመጓጓዣና የድካማቸውን ይከፍል ነበር። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። በገና ቢሆን እሰየው፤ ክራር ግን ለእኔ የጠጅ ቤት ዕቃ ነበር። ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

«ጸሎቷን ታስታጉልባታለች?» አሉኝ።

«አታስታጉልም።»

«ታዲያ እጇ ሥራ ካልፈታ አንቺን ምን አስፈራሽ?»

ላክኋት።

መምህሩ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው በቀበሌ ኪነት ክራር ይጫወቱ ነበር። ኋላ ማተሚያ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጡ። ዕድሜያቸውን የፈጁት እዚሁ ልደታ ነው፤ ቤታቸው ሲፈርስ አያት ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄዱ። ልጆቹ ጋሼ ይሏቸዋል። እኛም ወላጆቹ ከልጆቹ ተቀብለን ጋሼ እንላቸው ጀመር።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጄን ልመልሳት ቀደም ብዬ ደርሼ በሩ ላይ ቆምኩ። ክራሮቹ ገና መታደላቸው ነበር። ልጄ የደረሳትን በግራ እጇ ልትመታ ስታሰናዳው አየችኝ። ወዲያው ገልብጣ ወደ ቀኟ አዞረችው። ጋሼ አይተዋል።

«የቱ ነው የሚቀናሽ?» አሏት።

እጆቿን እጅጌዋ ውስጥ ከተተች። ከእሷ ዓይናቸውን አንስተው እኔን አዩኝ።

«እናትየው፣ የትኛው እጇ ነው የሚቀናት?»

«ግራዋ» አልኩ። ስናገር አፈርኩ።

«እንግዲያው የተሳሳተው ክራሩ ነው» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ክሮቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ከዚያ አዟዙረው፣ የመጀመሪያውን የመጨረሻ፣ የመጨረሻውን የመጀመሪያ አድርገው ወጠሩት። ጊዜ ፈጀ። ሰባቱ ልጆች ክራራቸውን ታቅፈው ጠበቁ። ሲጨርሱ ለልጄ ሰጧትና፣ «ይሄ ከእንግዲህ ያንቺ ነው። ሌላ ሰው ቢያነሳው እንደ ፍየል ይጮህበታል» አሏት። ልጆቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች።

ያን ዕለት ራት ላይ ግራ እጇን ስትዘረጋ አየሁ። መታ አላደረግሁትም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሹራቧ ውስጥ የተደበቀ እጅ አላየሁም። ሰሌዳ ላይም ትወጣ ጀመር፤ የሒሳብ መምህሯ በግራዋ ስትጽፍ ዝም አሉ። በምን ምክንያት እንደሆነ አልጠየቅሁም። እመቤቴን ብቻ አመሰገንኩ።

በ2011 የገና ሰሞን ድርጅቱ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ሄደ። ክራሮቹን ትቶልናል። ርእሰ መምህሩ ወላጆችን ጠርተው ነገሩን። የመንግሥት በጀት ለደመወዝና ለመጽሐፍ ነው፤ ለክራር ክር የሚል መደብ የለውም። ጋሼ እስከ መንፈቁ ፈተና ድረስ በራሳቸው ኪስ ተመላለሱ። ከዚያ በላይ አልቻሉም። ባለቤታቸው ታማሚ ናቸው፤ መድኃኒቱ ውድ ነው። አንድ ሆቴል ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ለእንግዶች እንዲጫወቱ ጠይቋቸው ነበር። ከጥምቀት በኋላ ባለው ሁለተኛ ሰኞ መልስ እሰጣለሁ ብለዋል።

ልጄ ይህን ሰምታ መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ጋሼ ከቀሩ የኔን ክራር መልሰው የቀኝ ያደርጉታል?»

«ማን ነው የሚያደርገው?»

«እኔ እንጃ። ቀጥሎ የሚይዘው ሰው።»

ሌሎቹ ልጆች ክፍሉ ይዘጋል ብለው ነበር ያዘኑት። እሷ ለዚያች አንድ ክራር ነበር የፈራችው። እጇን ማን እንዳሳፈራት የማውቅ እኔ ነኝ። ስለዚህ የወላጅ ኮሚቴው ሲሰበሰብ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ከፈትኩ።

ኮሚቴ ውስጥ ያስገቡኝ ብዙ ስለማላወራ ነው። ሰብሳቢያችን አብነት ሰፈር ድንችና ሽንኩርት የምትሸጥ ድምፀ ትልቅ ሴት ነበረች፤ ለሁላችንም ታወራ ነበር። ምግብ ሠርተን እንሽጥ ተባለ። ሥጋ ቢሆን የክርስቲያኑ ለብቻ፣ የእስላሙ ለብቻ፣ ድስቱም ለብቻ ሊሆን ነው። የምስር ሳምቡሳና የድንች ቅቅል ይሁን ተባለና አለቀ፤ ያን ሁሉም ይበላዋል። ነገር ግን ሳምቡሳ ብቻውን መምህር እንደማያቆይ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ጨረታ እናድርግ» አልኩ።

በጽዋ ማኅበራችን እንደዚያ እናደርጋለን። ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ ሲፈለግ አንድ ዕቃ ለጨረታ ይቀርባል። ያሸነፈ ይከፍላል፤ ከዚያ ዕቃውን አይወስድም፤ «መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል። እንደገና ይሸጣል። የገዛው ይመልሳል። እንደገና ይሸጣል። የመጨረሻው ገዢ ደግሞ ለባለቤቱ ይመልሰዋል። አንድ ድፎ ዳቦ ስድስት ጊዜ ተሸጦ፣ ማታ ጋጋሪዋ ቤት ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ። ማንም አልተጎዳም። ዳቦው ብቻ ደረቀ።

ሰብሳቢዋ ወደደችው። «አንድ ጥሩ ዕቃ ይበቃናል ማለት ነው! ማን ያመጣል?»



«እኔ አለኝ» አልኩ።

የነበረኝ ጋቢ ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ የፈተልኩት ነው። ባለቤቴ ሜክሲኮ አንድ ሕንፃ ላይ የሌሊት ጥበቃ ነው፤ የሚለብሰው ካፖርት ሳስቷል። ሸማኔው ሠርቶ ያስረከበኝ ለጥምቀት ዋዜማ ነበር። ባለቤቴ ገና አልለበሰውም። ለእሱ ስነግረው ጋቢውን እያገላበጠ አየው።

«ተሸጦ ተሸጦ ማታ ቤቱ ይገባል?»

«ይገባል።»

«እንግዲያው ሥራውን ይሂድ። ከእኔ የተሻለ ይከፈለው ይሆናል።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢው ተሰናዳ። ድንኳኑንና ወንበሩን ከእድራችን ያመጣነው በነፃ ስለሚሰጠን ነው። የረሳነው ነገር ቢኖር፣ ያ ድንኳን ሰፈር ውስጥ ለአንድ ጉዳይ ብቻ እንደሚተከል ነው። ገና ወንበር እየደረደርን ሳለ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ገቡ። ማንንም ቀና ብለው ሳያዩ ከፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዕንባቸውን ጠረጉ። ጥቂት ቆይተው እጅጌዬን ሳቡኝ።

«የኔ ልጅ፣ ማን ነው ያረፈው?»

«ማንም አልሞተ እማማ። ለልጆቹ መምህር ገንዘብ ልናሰባስብ ነው።»

«ማንም?»

«ማንም።»

«እሰይ! ስሟ ይመስገን!» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው አጣፉ። «እኔማ ከበሩ ጀምሬ አልቅሼ ገባሁ። በሉ እንግዲህ ከተቀመጥኩ አልነሳም፤ ጉልበቴ እሺ አይለኝም። ሳምቡሳውን አምጡልኝ።»

ያን ቀን የመጣው ሰው ከጠበቅነው በለጠ። ከአብነት የእጅ ሥራ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፤ አናጢ፣ ብረት በያጅ፣ ልብስ ሰፊ። ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ የመጡ እናቶች ነበሩ። ሳምቡሳውን የጠበሱት የወሎና የስልጤ እናቶች ከቤታቸው ነጭ ሽንኩርት እየሸተቱ መጡ። ከሰፈራችን ወደ ጀሞና ወደ አያት የሄዱ የቀድሞ ጎረቤቶችም በሁለት ታክሲ መጥተው ነበር። ዛሬ ሳስበው እንደዚያ ማንም ሳይጎድል ባንድ ላይ የተቀመጥነው ለመጨረሻ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ወዲህ ቤቶቹ ብዙዎቹ ፈርሰዋል። ሰብሳቢዋም ሄዳለች፤ ድንችና ሽንኩርቷን አሁን የካ አባዶ ነው የምትሸጠው። አብነት ሳልፍ እሷ ትቆምበት የነበረው ማዕዘን ድምፅ የለውም።

መጀመሪያ ልጆቹ አንድ የሠርግ ዜማ ተጫወቱ። ጋሼ አልነበሩም። በእኔ ስም ሲለመን ተቀምጬ አላይም ብለው ቀርተዋል። ልጆቹ ብቻቸውን ነበሩ። ሰባቱ ክራሮች ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብለዋል፤ ጫፍ ላይ የተቀመጠችው የልጄ ክራር ወደ ሌላ ወገን።

«ያቺ ልጅ ገልብጣ ነው እንዴ የያዘችው?» አለ ከኋላዬ አንድ ሰው።

«ግራኝ ናት። ዝም ብለህ ስማ» አለው ጎኑ ያለው።

ሰማሁ። አልዞርኩም።

ከዚያ ሰብሳቢዋ ጋቢውን ከፍ አድርጋ ዘረጋችው። ጥለቱ ታየ። «የሁለት ክረምት ፈትል ነው! እጃችሁን አስገቡበት፣ ሙቀቱን እዩት! ማን ጀመረ?»

አንዱ አምስት መቶ አለ። አንዱ ጨመረ። ከመካከል የተቀመጡ አንድ አባት ቀስ ብለው፣ ጣታቸውን ብቻ እያነሱ ጨመሩ። አውቃቸዋለሁ። ሴት ልጃቸው ከልጄ ጋር ክራር ትማራለች፤ አብነት ጎማ ይሸጣሉ፤ አገራቸው ስልጤ ነው። ሌሎቹ አንድ በአንድ ተዉላቸው።

«አንደኛ! ሁለተኛ! ሦስተኛ! መብሩክ!» አለች ሰብሳቢዋ።

ተጨበጨበ። ሰውየው ተነሥተው ገንዘቡን ከፈሉ። ጋቢውን ተቀበሉ። ሰብሳቢዋ መልሳ ልትቀበላቸው እጇን እንደዘረጋች ቆማ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢውን በጣቶቻቸው ዳሰሱት፤ በጥንቃቄ አጠፉት፤ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና ክንዳቸውን ጫኑበት።

ድንኳኑ ጸጥ አለ።

የምንሸጠው ሌላ ዕቃ አልነበረንም። መላው ሐሳባችን ያ ጋቢ ነበር። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ በነጋዴ ወግ የከፈለ ይወስዳል። እኛ ነን በማኅበራችን የምናውቀውን ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብለን ሳንናገር የጀመርነው። ግን አሁን ማን ይንገራቸው? ገዝቶ ከፍሎ የተቀመጠን ሰው፣ ያውም አባወራ፣ የገዛኸውን መልስ ማለት እንዴት ይቻላል? ሰው ሁሉ ጋቢውን ያያል፤ ሲያዩት ደግሞ ፊቱን ያዞራል።

ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ተጠጋች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ ስታወራ ሰማኋት።

«ምን ይሻላል?»

«እኔ እንጃ።»

«አንቺ ነሽ ያመጣሽው!»

«ጋቢውን ነው ሐሳቡን?»

«ሁለቱንም!»

ልጄን አየኋት። ከልጆቹ ጋር ተቀምጣ ክራሯን አቅፋለች። የሆነውን ተረድታለች፤ ጨረታውን በማኅበር ቤት እኔ ጋ ተቀምጣ ብዙ ጊዜ አይታለች። ግራ እጇ እጅጌዋ ውስጥ ገብቷል። እመቤቴ ሆይ፣ አልኩ በልቤ።

ዝምታውን የሰበሩት ለለቅሶ የመጡት አሮጊት ናቸው።

«ምን ሆናችኋል? ለቅሶ አይደለም አላላችሁኝም እንዴ?» አሉ ጮክ ብለው። «የሚሸጥ አጥታችሁ ነው? በሉ ይቺን ጥላ ሽጡ።»

ጥላቸው ጥቁር ነው፤ አንድ ሽቦው ታጥፏል። ሰብሳቢዋ ድምፅዋ ተመለሰ። «ጥላ! የእማማ ጥላ! ፀሐይም ዝናብም ያየች! ማን ጀመረ?»

የሒሳብ መምህሩ ገዟት። ተነሥተው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «መልሼ ሰጥቻለሁ!» አሉ። ተጨበጨበ። እንደገና ተሸጠች። ብረት በያጁ ገዝቶ መለሰ። ሽቦዋንም ነገ በነፃ አቃናታለሁ አለ። ከጀሞ የመጡት ጎረቤቶች ተዋጥተው ገዙና መለሱ። አምስተኛ ጊዜ ስትሸጥ የጎማ ነጋዴው ተነሡ።

«ቆዩ! ቆዩ!» አሉ። «ይሄ ነገር ይመለሳል እንዴ?»

ሰብሳቢዋ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ሕጉ ይሄ ነው? ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ? ከፍዬ፣ አጥፌ፣ ታቅፌ ቁጭ! ሰው ሁሉ ያየኛል። እኔ እኮ ጋቢው አምሯቸው መስሎኝ ኮራ ብዬ ነበር!»

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። ሰብሳቢዋ ወንበር ይዛ ሳቀች። እሳቸውም ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ጋቢውን አነሡ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። የማን እንደሆነ አንዱ ጠቁሟቸዋል።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አሉኝ። «ወላጅ እናቴ ለሕክምና ከአገር ቤት መጥታ እኔ ቤት ናት። ብርዱን አልቻለችውም። ይሄን ሲዘረጉት ዓይኔ እንዳየ እሷን ነው ያሰብኩት። መልስ ካላችሁኝ እመልሳለሁ። ልቤ ግን ሰጥቷታል። ቅር ይልሻል?»

ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ባለቤቴ ሕንፃው በር ላይ በሳሳ ካፖርቱ እንደተቀመጠ ታየኝ። ሁለቱ ክረምት ታየኝ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፤ አፈርኩም። እኔ ጋቢውን አልሰጠሁም ነበር። ማታ ይመለስልኛል ብዬ ነው ያመጣሁት። በዚያ ድንኳን ውስጥ በእውነት የሰጡት አሮጊቷ ብቻ ነበሩ፤ ጥላቸው እንደሚመለስ አያውቁም።

«ቅር አይለኝም» አልኩ። «የእናትዎ ነው። እግዚአብሔር ይማርልዎ።»

አፌ ቀደመ። ልቤ ኋላ ነው የደረሰው። ግን ደረሰ።

ሰውየው መረቁኝ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ወደ ሱቃቸው ደወሉ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሠራተኛቸው አዲስ የመኪና ጎማ እያንከባለለ በግቢው በር ገባ። ጎማ ለጨረታ ሲቀርብ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ይሄ የሚመለሰው ነው!» አሉ ነጋዴው። «ዛሬ ሕጉን ተምሬያለሁ!»

መጀመሪያ ያሸነፈው ከሜክሲኮ ሚኒባስ የሚነዳ አባት ነው። ከፈለ፤ ጎማውን ዞረው፤ በእግሩ መታ መታ አደረገው። ጎንበስ ብሎ ጥርሱን በእጁ ዳሰሰው።

«የኔ የኋላ ጎማ እኮ መላጣ ሆኗል» አለ ለራሱ።

«መልስ! መልስ!» ጮኸ ድንኳኑ።

«ቆዩ እንጂ! ልሰናበተው!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሚስት አደረግኸው እንዴ? መልስ!» አሉት አሮጊቷ።

«ፈጣሪ ይይልኝ። መልሼ ሰጥቻለሁ» አለና ፊቱን አዙሮ ተቀመጠ። እንደዚያ የተሳቀበት ቀን ልደታ ውስጥ አላስታውስም።

ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ አላውቅም። የመጨረሻ ገዢዎቹ መምህራኑ ነበሩ፤ ከወር ደመወዛቸው አዋጥተው። ከመካከላቸው መኪና ያለው አንድም አልነበረም። ነጋዴው አልቀበልም ስላሉ፣ ለስፖርት ሜዳው ይሁን ብለው ሰጡት። ግማሹ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ዛሬም እዚያው አለ፤ ትንንሾቹ ልጆች ይዘሉበታል። በአጥሩ በኩል ሳልፍ ቆም ብዬ አየዋለሁ።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሰብሳቢዋና ርእሰ መምህሩ ጥግ ላይ ተነጋገሩ። ተመልሳ መጥታ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«እስከ ሰኔ ይበቃል» አለች። «መመላለሻውም፣ ክሩም። እስከ ሰኔ።»

ልጄ አጠገቤ ነበረች። «እስከ ሰኔ?» አለች።

«እስከ ሰኔ።»

ሄዳ የሰባቱን ልጆች ክራር አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ አስገባች። የራሷን መጨረሻ ላይ ወሰደችው። ሁለቱም እጆቿ ውጭ ነበሩ።

ሰብሳቢዋ ለጋሼ ደወለች። ስልካቸው ዝግ ነው። እንደገና ደወለች፤ ዝግ ነው። «ነገ ለሆቴሉ እሺ ሊሉ ነው!» አለች።

«እኔ ጠዋት ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። «ቢከፈትም ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም።»

ልጄ አሁን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ሰኔ ሲመጣ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ተሰበሰብን፤ ከዚያ በኋላም እንደዚያው። ጨረታው የትምህርት ቤቱ ልማድ ሆኗል። ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ ሕጉን ይናገራል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ጎማ ነጋዴው እያየ ይስቃል። እናታቸው ድነው አገራቸው ገቡ፤ ጋቢውን ለብሰው። አሮጊቷ ካረፉ ቆይተዋል። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። እኔ እግዚአብሔርን ከሁሉ በላይ የማመሰግነው በዚያ ቀን ያን ሁሉ ሰው ባንድ ድንኳን ስለሰበሰበልን ነው። የተሰበሰበው ገንዘብ አለቀ፤ ያ ቀን አላለቀብኝም።

በማግሥቱ ሰኞ ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ ገና ወገግ ማለቱ ነበር። ካፖርቱን አውልቆ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቤቱን በዓይኑ ቃኘ።

«ጋቢውስ?» አለ።

«ተሸጠ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ።»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጃችንን እንዳይቀሰቅስ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። ስለ ነጋዴው እናት ስነግረው ሳቁን ተወ። «ይሁን። ለእናት ከሆነ ይሁን» አለና ተኛ። ብርድ ልብሱን አለበስኩት።

ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። ልደታ ማርያም በር ላይ ተሳልሜ፣ ወደ ባቡር ጣቢያው ወረድኩ። ባቡሩ ሰው ሞልቶ መጣ፤ ቆሜ ሄድኩ። አያት ስደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ኮንዶሚኒየሞቹ ሁሉ አንድ መስለው ታዩኝ። ልብስ የምታሰጣ ሴት፣ «ክራር የሚመቱት አባት?» ብላ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ጠቆመችኝ።

አንኳኳሁ። ጋሼ ራሳቸው ከፈቱ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው ነበር። ሊወጡ ነው።

«ምነው? በደህና?» አሉ ደንግጠው።

«በደህና ነው ጋሼ። ሰፈሩ ነው የላከኝ። ቅዳሜ ልጆቹ ይጠብቁዎታል።»

በሩን እንደያዙ ቆሙ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ግቢ እስቲ፤ ቁርስ ሳትበይ ነው የመጣሽው» አሉኝ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።